ልቦለድ እየጻፉ ልቦለድ ማስተማር

«ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ልቦለድ እጽፋለሁ፣ የፈጠራ ጽሑፍም አስተምራለሁ» እላለሁ። መጻፉን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ማስተማሩ ላይ ግን ግር ይላቸዋል። «ድርሰት ደግሞ ይማሩታል እንዴ? ተሰጥኦ አይደል?» ይህን ከዘመድም፣ ከጎረቤትም፣ መጽሐፍ ከሚያዞሩ ልጆችም ሰምቼዋለሁ። የሚገርመኝ ግን ከደራሲያን ስሰማው ነው። ራሳቸው ስንት ዓመት ሲሰርዙ ሲደልዙ፣ የሚወዱትን መጽሐፍ ደጋግመው ሲያነቡ፣ ጓደኛ አስቀምጠው «እስቲ ስማኝ» ሲሉ ኖረው፣ መጨረሻ ላይ «እኔን ማንም አላስተማረኝም» ይላሉ። ያ ጓደኛ ታዲያ ምን ሲሠራ ነበር?

ለነገሩ ጥያቄው በኛ አገር መነሳቱ ራሱ ይደንቀኛል። እኛ እኮ ድርሰት ማስተማር ከጀመርን በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት አልፈውናል። ቅኔ ቤትን አስቡት። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ። ዳዊት የደገመ፣ ዜማ የቀመሰ ልጅ ቀዬውን ትቶ፣ ደበሎውን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ስሙ ወደተሰማ መምህር ይሄዳል። ጎጆውን ራሱ ይቀልሳል። ቁራሹን ከመንደር ለምኖ፣ ከውሻ ጋር ታግሎ ያመጣል። ታዲያ ያን ሁሉ መከራ ችሎ የሚማረው የሌላ ሰው ቅኔ በቃል መያዝ ብቻ አይደለም። የራሱን ማውጣት ነው። ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ እያደገ እያደገ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። ቀን ከሰው ርቆ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል፣ ማለትም በሐሳቡ ይደርሳል። ማታ የቆጠረውን ለመምህሩ ወይም መምህሩን ወክሎ ቅኔ ለሚሰማው አስነጋሪ ይነግራል። ሰሚው ዝም ብሎ አያልፈውም። ቤቱ የጎደለውን፣ አገባቡ የተዛነፈውን፣ ሰሙና ወርቁ ያልገጠመውን እዚያው ያርመዋል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል።

ይህን የማወራው ቅኔ ቤት ገብቼ አይደለም። የአባቴ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ናቸው፤ ከእሳቸው ነው የሰማሁት። ልጅ ሆኜ የቁራሹና የውሻው ነገር ነበር የሚያስቀኝ። አሁን ግን ሁለት ነገር ደጋግሜ እጠይቃቸዋለሁ። አንደኛው የትናንቱ ቅኔ ዛሬ እንደማያገለግል ነው። ትናንት የቱንም ያህል የተደነቀ ቅኔ ቢነግር፣ ዛሬ ከባዶ ይነሳል። ሁለተኛው ከዚያ ይበልጥብኛል። መምህሩም ቅኔ ይዘርፋል። ተማሪው ፊት፣ እዚያው፣ የራሱን አዲስ ቅኔ ያወርዳል። ከዚያ ተማሪዎቹ ፈትተው፣ መንገዱን አይተው ይማሩበታል። መምህር ነኝ ብሎ የድሮ ቅኔውን እየደጋገመ የሚኖር የለም። አጎቴ «የማይዘርፍ መምህር ማን ይከተለዋል?» ይላሉ። ጥያቄም አይደለም፣ እንደ ቀላል ነገር ነው የሚሉት።

ጎጃም ውስጥ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የሚባሉ የቅኔ መምህርት ነበሩ። በልጅነታቸው የዓይን ብርሃናቸውን አጥተዋል። ቅኔውን ከአባታቸው ተምረው፣ ኋላ ወንድ ተማሪዎች ከየቦታው እየመጡ እግራቸው ሥር ተቀምጠው ይማሩ ነበር። እኔ እንደ ሴት፣ እንደ ደራሲና እንደ አስተማሪ የሙያ ዘር ቆጠራዬን ከእሳቸው ብጀምር ደስ ይለኛል። ምንም ወረቀት ሳይኖር፣ በጆሮና በአፍ ብቻ፣ የሰውን ድርሰት ሰምቶ «እዚህ ጋ ጎድሏል» ማለት ምን ያህል ትኩረት እንደሚጠይቅ የሚያስተምር ሰው ያውቀዋል። እኔ ቀይ እስክሪብቶ ይዤም ያመልጠኛል።

ዘመናዊው ልቦለዳችንም ከዚያ ግቢ ብዙ የራቀ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ውስጥ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። በ1958 ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን ያንን የተማሪ ሕይወት ሲያኖሩት ከሩቅ የሰሙትን አይደለም የሚነግሩን።

ከቅኔ ቤት ወደ ዩኒቨርሲቲ ስንመጣ ግን እኔ የማስበው አንድ ሰው ነው። ዳኛቸው ወርቁ። የደብረ ሲና ልጅ ነው። አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የድርሰት ሙያ ተምሮ፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1962 «አደፍርስ»ን አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ወደ ዝቋላ የሚደረግ የጉዞ ታሪክ በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ሃይነማን በሚባለው አሳታሚ የአፍሪካ ደራሲያን ተከታታይ ውስጥ ታተመለት። ለተማሪዎች ደግሞ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለ መጽሐፍ አዘጋጅቷል። ማለትም ሦስቱንም ሠርቷል፤ ተምሯል፣ ጽፏል፣ አስተምሯል።

«አደፍርስ»ን ያነበበ ሰው የምለውን ይረዳኛል። ቀላል መጽሐፍ አይደለም። ንግግሩ ብዙ ነው። ሁሉም ሰው በየራሱ አፍ ነው የሚናገረው፤ የባላገሩ አማርኛ አለ፣ የተማረው አማርኛ አለ፣ የካህኑ አለ። ክርክሩ ገጽ ላይ ገጽ ይደርባል። አንባቢ «ምን ሊሆን ነው?» ብሎ ሲጠብቅ ደራሲው ሰዎቹን ማስከራከሩን ይቀጥላል። ዛሬ አንድ ተማሪ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ይዞልኝ ቢመጣ፣ ከመመሪያ መጽሐፍ ላይ የማነበንብ ቢሆን ኖሮ ግማሹን ቁረጠው እለው ነበር። ዳኛቸው ግን መመሪያ የሚያዘጋጅ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ራሱ ሲጽፍ መመሪያው የማይችለውን ነገር ጻፈ። የሚያስተምር ደራሲ ሁሉ ይህን ቢያስብበት እወዳለሁ። ቀኑን ሙሉ ስለ ሴራ፣ ስለ ግጭት፣ ስለ ልቀት ስታወሪ ትውያለሽ። ማታ የራስሽን ጽሑፍ ስትከፍቺ ያ ሁሉ ወሬ ጣትሽ ላይ ይቀመጣል። ጽሑፍሽ ንጹሕ ይሆናል፣ ሥርዓት ይይዛል፣ ግን አንድም ደፋር ነገር አይኖረውም። ይህ ሙያ ካሉት አደጋዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ይመስለኛል።

ግን ደራሲ ለምን ያስተምራል? መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እንጀራ ነው። በኛ አገር በልቦለድ ብቻ የኖረ ሰው እምብዛም ነው። የቀደሙት ደራሲያን የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነዋል። በዓሉ ግርማ የጋዜጣና የመጽሔት አዘጋጅ ነበር፣ ኋላም ማስታወቂያ ሚኒስቴር ውስጥ ትልቅ ወንበር ላይ ደረሰ። ያ እንጀራ ግን ገመድ ነበረው። በ1975 «ኦሮማይ» ሲወጣ ሥራውን አጣ። በ1976 የካቲት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ደራሲን የሚመግበው ማነው የሚለው ጥያቄ በኛ ታሪክ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

አሜሪካኖቹ ነገሩን በሌላ መንገድ ፈቱት። የአዮዋው የደራሲያን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1936 ነው የተጀመረው። ልቦለድ ወይም ግጥም ጽፎ ማቅረብ ለዲግሪ ይቆጠራል ተባለ። ዲግሪ ካለ አስተማሪ ያስፈልጋል፤ አስተማሪ የሚሆነው ደግሞ ደራሲ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዩኒቨርሲቲ የደራሲ ጌታ ሆነ። ከኛ ወገን የሆኑትም በዚያው መንገድ አልፈዋል። ዲናው መንግሥቱ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ድርሰት ተምሮ፣ አሁን ባርድ ኮሌጅ ያስተምራል። መዓዛ መንግሥቴ ኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተምራ፣ ኩዊንስ ኮሌጅ አስተምራለች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ጣሊያን ወረራና ስለ ሴት አርበኞች የጻፈችው ልቦለድ ለቡከር ሽልማት የመጨረሻዎቹ ዕጩዎች ውስጥ ገብቷል። ሁለቱም አዲስ አበባ ተወልደው በልጅነታቸው የወጡ ናቸው። እነሱን የምጠቅሰው ለመቅናት አይደለም። እዚያ አንድ ሰው «ልቦለድ ጸሐፊ ነኝ» ብሎ ተቀጥሮ፣ ልቦለዱ የሥራው አካል ሆኖ ሊቆጠርለት እንደሚችል ለማሳየት ነው።

እዚህ ሒሳቡ ሌላ ነው። መጽሐፍ ስታወጪ አብዛኛውን ጊዜ አሳታሚዋ ራስሽ ነሽ። ማተሚያ ቤቱ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃል። ወረቀቱና ቀለሙ የሚመጣው ከውጭ ስለሆነ ዶላር በተወደደ ቁጥር መጽሐፍም ይወደዳል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ሲባል፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ረቂቅ ጨርሰው ገንዘብ ሲያጠራቅሙ የነበሩ ጓደኞቼ ያጠራቀሙት ግማሽ ሆኖ ጠበቃቸው። ታትሞ ከወጣም በኋላ አከፋፋዩ አለ፣ መደብሩ አለ፣ አዟሪው አለ። ሁሉም ድርሻውን ይወስዳል። ሳምንት ሳይሞላው ደግሞ አንድ ሰው ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። «አንብቤዋለሁ፣ በጣም ነው የወደድኩት» ብሎ የሚጽፍልኝ ሰው ስንት ጊዜ ከዚያ ላይ እንዳነበበው እየነገረኝ ያመሰግነኛል። ምስጋናውን እቀበላለሁ። ያመኛል ግን። ያ መጽሐፍ የወሰደው ዓመት አለ።

ስለዚህ እናስተምራለን። እኔ ኮሌጅ ውስጥ ክፍለ ጊዜ አለኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን የግል ኮርስ እሰጣለሁ። ቅዳሜዋን ነው የበለጠ የምወዳት። ባንክ የሚሠራ አለ፣ ነርስ አለች፣ ምሕንድስና የሚማር ልጅ አለ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አሉ። ማንም ለነጥብ ብሎ አይመጣም።

ምን አስተምራለሁ? ብዙ ሰው የማስተምረው «ሐሳብ እንዴት ይመጣል» የሚለውን ይመስለዋል። ሐሳብ ሞልቷል። የኛ ሰው ታሪክ አላጣም። የማስተምረው ከመጀመሪያው ረቂቅ በኋላ ያለውን ነው። ተማሪዎቼ ሲመጡ የጻፉትን መንካት ኃጢአት ይመስላቸዋል። «እንደመጣልኝ ነው የጻፍኩት» ይሉኛል፣ በኩራት። እሺ፣ መጣልሽ። አሁን ደግሞ ቁጭ በይና ሥሪው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። ነርሷ ባሏ ስለሄደባት ሴት ጽፋ መጣች። «አለሚቱ በጣም አዘነች። ብቸኝነት ተሰማት። ቤቱ ኦና ሆነባት።» ሦስት ዓረፍተ ነገር፣ ሦስቱም አንድ ነገር ይላሉ። ስህተት የለባቸውም። ግን አለሚቱን አላየኋትም። «ያን ቀን ጠዋት ምን ሠራች?» አልኳት። አሰበች። «ቡና አፈላች።» «ከማን ጋር ጠጣች?» ዝም አለች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ይዛው የመጣችው ይህ ነው፦ «አለሚቱ ቡናዋን አፈላች። አቦሉን ጠጣች። ቶናውንም ጠጣች። በረካውን ቀዳችና ሁለተኛውን ስኒ ዘቅዝቃ ረከቦቱ ላይ መለሰችው።» ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። እዚህ አገር ቡና ብቻውን እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው ምን እንደደረሰበት ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። አዘነች የሚለው ቃል ጠፍቷል፣ ሐዘኑ ግን እዚያው ነው። ይህንን እኔ አልሰጠኋትም። ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቅኳት። የኔ ሥራ ጥያቄዎቹን ማወቅ ነው።

ሌላው ደግሞ ንግግር ነው። ጀማሪ ጸሐፊ ሰዎቹን እንደ ዜና አንባቢ ያናግራቸዋል። ልጅ እናቱን «እናቴ ሆይ፣ ዛሬ ወዴት ለመሄድ አስበሻል?» ይላታል። የትኛው ልጅ? የምሕንድስናውን ተማሪ ሚኒባስ ውስጥ ጆሮህን ጥለህ ና አልኩት። ከሜክሲኮ ሳሪስ ድረስ ሄዶ፣ ረዳቱና አንዲት እናት በመልስ ሲጨቃጨቁ ሰምቶ መጣ። ሴትዮዋ መጀመሪያ «የኔ ልጅ፣ መልሴን» ይላሉ። ቀጥሎ «አንተ ልጅ!» ይላሉ። መጨረሻ ላይ ሲናደዱ «ጌታው፣ መልሴን ይስጡኝ እንጂ!» ብለው አንቱ አሉት። ክፍል ውስጥ ሲያነበው ሁላችንም ሳቅን። አንድም ቦታ «ተቆጡ» አላለም። የአማርኛ ጸሐፊ በእጁ ያለው ሀብት ይህ ነው። ማን ማንን አንተ ይላል፣ ማን አንቱ ይላል፣ መቼ ይቀየራል። ከውጭ የመጡ መመሪያዎች ይህን አያስተምሩም፤ ሊያስተምሩም አይችሉም።

ጮክ ብሎ ማንበብም ግዴታ ነው። ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አማርኛ ጸሐፊ ሳያስበው መሃሉን ያጭቃል። «ትናንት ማታ ከሥራ ሲመለስ መንገድ ላይ ያገኘው የድሮ ጓደኛው የነገረውን ስለ እህቱ ጋብቻ የተወራውን...» እያለ ይቀጥላል፣ ማን ምን እንዳደረገ ግን ገና አልመጣም። በዓይን ስታነቢው ያልፋል። ጮክ ብለሽ ስታነቢው ትንፋሽ ያጥርሻል። ትንፋሽ ያጠረበት ቦታ ላይ እርሳስ እናደርጋለን። ሌላ ሥልት አያስፈልግም።

ከሁሉም የከበደኝ ግን ይሉኝታ ነው። አዮዋ የተጀመረው ዓይነት ክፍል የሚሠራው ሁሉም ሰው የሌላውን ጽሑፍ አንብቦ መጥቶ በግልጽ ሲናገር ነው፤ ደራሲው ደግሞ ዝም ብሎ ይሰማል። እኛ ጋ ሁለት ነገር ነው የሚመጣው። ወይ «በጣም አሪፍ ነው፣ በርታ» ወይ ዝምታ። ፊት ለፊት ይህ ይጎድለዋል ማለት ሰውየውን መናቅ ይመስላል። በተለይ ታላቅ ከሆነ። የታሪክ መምህሩ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፣ ስለ አንድ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ አጭር ልቦለድ ይዘው መጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ስለ ለገሀርና ስለ ፈረንሳዮቹ የባቡር ሐዲድ የታሪክ ትምህርት ነበሩ። ሁሉም ያየዋል። ማንም አይናገርም። በመጨረሻ የክፍሉ ትንሿ ልጅ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ለእኔ ታሪኩ የጀመረው ሰውየው ደወሉን ሲደውል ነው» አለች። ደወሉ ያለው ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበር።

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን አገላበጡ። «ታዲያ ይሄ ሁሉ ምን ይሁን?» አሉ። «እርስዎ ይወቁት እንጂ አንባቢው አይፈልገውም» አለቻቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ያመጡት ታሪክ በደወሉ ነበር የሚጀምረው። ከሁለቱ ገጾች አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀርተዋል፣ ደወሉ ከማርሴይ እንደመጣ የምትናገረዋን። ትክክለኛዋን ነው ያስቀሩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሉ ተለወጠ። ልጆቹ ጋሼ ከቻሉ እኛስ አሉ።

ያ እስኪመጣ ግን የራሴን ዘዴ መፍጠር ነበረብኝ። አስተያየት ከመስጠታችን በፊት አንድ ሰው ታሪኩን በራሱ አፍ ይተርከዋል። ደራሲው ይሰማል። ተራኪው የዘለለው ቦታ ካለ፣ ወይም «እዚህ ጋ ማን እንደነበረ አልገባኝም» ካለ፣ ትችቱ ተሰጠ ማለት ነው፤ ማንም ሳይተች። ይሉኝታን ማፍረስ አይቻልም፣ ያስፈልጋልም ብዬ አላምንም። በእሱ ውስጥ መንገድ መፈለግ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ወደ አጎቴ ጥያቄ ልመለስ፣ የማይዘርፍ መምህር ማን ይከተለዋል ወደሚለው። እኔ ክፍል ውስጥ እጽፋለሁ። ላፕቶፔን ፕሮጀክተር ላይ ሰክቼ፣ እየሠራሁት ያለሁትን ምዕራፍ ግድግዳው ላይ አውጥቼ፣ እነሱ እያዩ እጽፋለሁ። በዚህ ተርም ሳዑዲ ቆይቶ የተመለሰ ልጅና አባቱ ቦሌ ኤርፖርት የሚገናኙበትን ትዕይንት ነበር የያዝኩት። አባትየው መጀመሪያ ምን ይበል? አንድ ነገር ጻፍኩ፤ አጠፋሁት። ሌላ ጻፍኩ። ባንከሩ «ይሄማ ፊልም ነው» አለኝ። አጠፋሁት። ነርሷ «አባቶች እኮ መጀመሪያ ሻንጣውን ነው የሚቀበሉት» አለች። ሻንጣውን አስያዝኩት። ልጁ «አባዬ እኔ ልያዘው» ይላል፣ አባትየው አይሰጥም፣ ሁለቱም አንድ እጀታ ይዘው ይቆማሉ። እዚያ ላይ ቆምን። ክፍለ ጊዜው አለቀ። ውጤቱ ግማሽ ገጽ ነበር።

ያ ግማሽ ገጽ ስለ አጻጻፍ ከማወራው ሁሉ ይበልጣል ብዬ ነው የማምነው። ተማሪ የታተመ መጽሐፍ ብቻ ካየ፣ መጽሐፉ እንደዚያው ሆኖ የወረደ ይመስለዋል። አስተማሪው ሲሰርዝ ካየ የራሱን መሰረዝ ይደፍራል። ለእኔም ጠቅሞኛል፤ የተከፈተ ረቂቅ የሌለው ሰው ስለ አጻጻፍ የሚናገረው ከትዝታ ነው፣ ትዝታ ደግሞ ችግሩን ሁሉ ያቀልለዋል።

ከዚህ በፊት የማስተምርበት አንድ ኮሌጅ ይህን አልወደደውም። ኃላፊው ጠርተው «የራስሽን ሥራ በተማሪ ሰዓት መሥራት ነው» አሉኝ። የኮርሱ ዝርዝር ላይ የልቦለድ አላባውያን፣ የአጻጻፍ ሥልቶች፣ ፈተና ነው የሚለው። ለደረጃ ዕድገት ስትጠይቂ ደግሞ የሚቆጠረው በጆርናል የወጣ ጥናት ነው። ስለ ሌላ ሰው ልቦለድ የጻፍሽው ዐሥር ገጽ ይቆጠራል። ራስሽ የጻፍሽው ልቦለድ ግን «የግል ሥራ» ይባላል። ይህ መለወጥ አለበት። ሐኪም ሆስፒታል ገብቶ ሲያክም ያስተምራል፣ የሥዕል መምህር ስቱዲዮው ውስጥ ሲሥል ያስተምራል። ልቦለድ ብቻ ምን በደለ? ድርሰት ክፍል ውስጥ ደራሲ እንዲገባ ከፈለግን፣ ድርሰቱንም ይዞ ይግባ።

ሙያው ከእኔ የወሰደውንም ልናገር። ጠዋትን ይወስዳል። እኔ የምጽፈው ጠዋት ነው፣ የተማሪ ወረቀት ያነበብኩ ቀን ጠዋቴ የለም። የሃያ ሰው ዓረፍተ ነገር ጆሮዬ ውስጥ እየጮኸ የራሴን መስማት አልችልም። ስለዚህ የነሱን ማታ ብቻ ነው የማነበው፣ ጠዋት ስልኬም ይጠፋል። ቤተሰብ ለምዶታል፤ እናቴ ግን አሁንም ሁለት ሰዓት ላይ ትደውልና ለምን አላነሳሽም ትለኛለች።

የሰጠኝ ግን ይበልጣል። ሰው ሰጥቶኛል። ልቦለድ የብቻ ሥራ ነው ይላሉ፤ እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ስለ አንድ ሻንጣ እጀታ ከልባቸው የሚከራከሩ ሰዎች አሉኝ።

በቅርቡ አንድ ወጣት ደራሲ ክፍለ ሀገር ያለ ኮሌጅ የፈጠራ ጽሑፍ እንዲያስተምር ተጠይቆ «ልግባበት?» ብሎ ጻፈልኝ። ግባበት አልኩት። ግን ከመፈረምህ በፊት ተነጋገር። ጠዋትህን አስከብር፣ ክፍለ ጊዜ ከሰዓት ይሁንልህ። በአንድ ተርም ረጅም ልቦለድ አስጽፋለሁ አትበል፤ አንድ አጭር ልቦለድ ብቻ አስጽፍ፣ እሱኑ ደጋግመው ይሥሩት። የተማሪ ቁጥር ከሃያ አይለፍ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ማንበብ አትችልም፣ ካላነበብክ ደግሞ እያስተማርክ አይደለም። የራስህን ረቂቅ ይዘህ ግባ።

ልጁ ሥራ ጀምሯል። የመጀመሪያ ሳምንቱን ጨርሶ ደወለልኝ። «ልቦለድ አምጡ ብዬ ሁሉም ግጥም ይዘው መጡ፣ ያውም የፍቅር ግጥም፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። ግጥሙን ተቀበላቸው አልኩት። ከዚያ እያንዳንዱን አስነሳና ግጥሙ ውስጥ ያለችው ሴት ማታ ቤቷ ስትገባ በሩን የሚከፍትላት ማን እንደሆነ ጠይቀው፤ መልሱን ለሚቀጥለው ሳምንት አንድ ገጽ ጽፎ ያምጣ።